የባሕር ወለሉ ዌልሄድ ለምን ይደክማል? ጥያቄና መልስ

በሰሜን ባሕር ለሚቆፈሩ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች የዌልሄድን (የጉድጓዱን አፍ) የብረት ድካም የማስላት ሥራ እሠራለሁ። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያ ሁሉ ወፍራም ብረት እንዴት ይደክማል?

መልስ፦ ልጆች ሆነን የሽቦ መኪና ስንሠራ፣ ፒንሳ ከሌለን ሽቦውን ወዲያና ወዲህ እያጠፍን አልነበር የምንቆርጠው? አንዴ ቢታጠፍ ምንም አይሆንም፤ የሚጨርሰው ምልልሱ ነው። የቁፋሮ መርከቡ ከጉድጓዱ ጋር የሚገናኘው ራይዘር በሚባል ረጅም ቧንቧ ነው። ከራይዘሩ ሥር ጉድጓዱ ቢገነፍል የሚዘጋው የቫልቮች ቁልል፣ ቢኦፒ፣ አለ። በአዳዲሶቹ መርከቦች ከ300 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ቁመቱም ከ10 ሜትር ያልፋል። ያ ሁሉ ዌልሄዱ አናት ላይ ነው የተቀመጠው። ማዕበል ራይዘሩን በወዘወዘ ቁጥር ዌልሄዱ ትንሽ ይታጠፋል። በየ8 ሴኮንዱ አንድ ማዕበል ቢመጣ በቀን 10,800 ጊዜ ማለት ነው፤ በ60 ቀን ቁፋሮ 650,000 ገደማ።

ጥያቄ፦ ስንጥቁ በካሜራ አይታይም?

መልስ፦ አይታይም፣ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ብየዳው ወይም የቧንቧው መገጣጠሚያ ሲሆን፣ ያለውም ከባሕሩ ወለል ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ብሎ በአፈርና በሲሚንቶ ተቀብሮ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለ ቦታ የተሰላውን ዕድሜ ለ10 ማካፈል የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ጥልቅ ባሕር ላይ ይብሳል አይደል?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ውሃው 100 ሜትር ገደማ ሲሆን የማዕበሉ ጉልበት ብዙም ሳይበርድ ዌልሄዱ ጋ ይደርሳል። በጥልቁ ደግሞ ጅረት አለ፦ ውሃው ራይዘሩን ሲያልፍ ከኋላው ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ አዙሪት ይፈጥርና ቧንቧውን እንደ ክራር ጅማት ያርገበግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች በስተምዕራብ ለተሰበረው ዌልሄድ ምክንያቱ ይኸው ንዝረት ነው ተብሏል።

ጥያቄ፦ መፍትሔውስ? ቢኦፒውን በገመድ ማሰር ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው፤ ምክንያቱን ልንገርህ። የብረት ድካም ከጭነቱ ጋር እኩል አይሄድም። ለብየዳ በምንጠቀመው የተለመደ ስሌት ጭነቱ በግማሽ ቢቀንስ ዕድሜው እጥፍ ሳይሆን 8 እጥፍ ይሆናል። ጥቂት ማስታገስ ብዙ ያተርፋል ማለት ነው። ባሕር ወለል ላይ በዙሪያው መልሕቅ ወይም ከባድ ክብደት ይቀመጥና፣ ከቢኦፒው ላይኛ ክፍል ጋር በገመድ ተወጥሮ ይታሰራል። መወዛወዙን ገመዱ ይይዝለታል። ድንኳን የተከለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ፤ ግን ቁፋሮው መሐል ላይ ዕድሜው ያለቀ ዌልሄድ ከዚያ በላይ ያስወጣል።

ከዚያ ውጭ ቀለል ያለና አጠር ያለ ቢኦፒ መምረጥ፣ የራይዘሩን ውጥረት ማስተካከል፣ ማዕበሉ ሲከፋ ራይዘሩን ነቅሎ መጠበቅ ይቻላል። ለአዲስ ጉድጓድ ደግሞ ከመነሻው ወፍራም ኮንዳክተር (የጉድጓዱ የውጭኛ ቧንቧ) እና በጥብቅ የሚቆለፍ ዌልሄድ ማዘዝ ነው።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የሲሚንቶው ከፍታ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም እንጂ እህቴ! በኮንዳክተሩና በውስጠኛው ኬሲንግ (ጉድጓዱን በሚደግፈው የብረት ቧንቧ) መካከል ያለው ሲሚንቶ እስከ ባሕሩ ወለል ካልሞላ፣ ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ ይቀየራል። የት እንደቆመ በትክክል ስለማይታወቅ ስሌቱን በአንድ ከፍታ ብቻ አትሥሪ፤ የተለያየ ከፍታ ሞክሪና የከፋውን ያዢ። ዲኤንቪ የተባለው የኖርዌይ የደኅንነት ደረጃ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ለዌልሄድ ድካም ያወጣውን መመሪያም አንብቢ።

ጥያቄ፦ ቢኦፒ ላይ የእንቅስቃሴ መለኪያ መግጠም ይጠቅማል?

መልስ፦ ስሌታችን ብዙ ጊዜ ከእውነታው ይልቅ ይከፋል፤ መለኪያው የቀረውን ዕድሜ ሊመልስልህ ይችላል። አንዳንዴም ተቃራኒውን ይነግርሃል፣ ያኔ ማመን ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ አሮጌ ጉድጓድ ሥራ ላይ የቀድሞው ቁፋሮ መዝገብ ጠፍቶ አጋጥሞኛል፦ ስንት ቀን ራይዘር ተያይዞ እንደቆየ፣ የትኛው ቢኦፒ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። የከፋውን ገምተን ስናሰላ ዕድሜው አልቆ ተገኘ፣ ሥራውም ቆመ። መለኪያው ከገባ መዝገቡን ጉድጓዱ እስኪዘጋ ድረስ አስቀምጡት።