ያረጀ ቡና ይጎንደል ወይስ ይነቀል?

ጥያቄ፦ በከፋ ዞን ጊምቦ ወረዳ የምኖር ቡና አምራች ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት ግማሽ ሄክታር ቡና አለኝ፤ ወደ 800 እግር ይሆናል። ዕድሜው ከ30 ዓመት አልፏል። በየካቲት ያብባል፤ ነገር ግን አበባው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ምርቱም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄዷል። የልማት ሠራተኛዋ ጎንድል ትለኛለች። ጎረቤቴ ግን አምና በሐምሌ ጎንድሎ ከግማሽ በላይ ደረቀበት። አሁን ነሐሴ ላይ ደግሞ በእኔ ማሳ አንዳንዱ እግር ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፍበታል። ልጎንድለው ወይስ ነቅዬ አዲስ ልትከል?

መልስ፦ ለ800ውም እግር አንድ መልስ የለም። የሚበዛው ይጎንደላል፤ ማለትም ግንዱ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ይደረጋል፤ ጥቂቱ ይነቀላል። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚለየው ደግሞ አሁን፣ ፍሬው ዛፉ ላይ ሳለ ነው። ጥያቄዎን በነሐሴ ማንሳትዎ እጅግ ጥሩ ሆኗል። ጥር ላይ መጋዝ ይዘው ሲገቡ ሁሉም ቡና አንድ ይመስላል፤ የታመመውን ከጤነኛው መለየት አይቻልም።

በመጀመሪያ አበባው ለምን ጫፍ ላይ ብቻ እንደሚታይ ልንገርዎት። ቡና የሚያብበው ባለፈው ክረምት ባደገው አዲስ እንጨት አንጓ ላይ ነው። አንድ አንጓ አንድ ጊዜ ካፈራ በኋላ ተመልሶ አያፈራም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቅርንጫፉ በየዓመቱ ጥቂት አንጓ ወደ ፊት እየጨመረ፣ ፍሬውም ከግንዱ እየራቀ ይሄዳል፤ ከኋላው የሚቀረው ራቁት እንጨት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ዛፉ ምግቡን የሚያውለው ፍሬ የማይሰጥ እንጨት ለመቀለብ ይሆናል። ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ገና ብርቱ ነው። ጉንደላ የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያረጀውን እንጨት አስወግዶ ለብርቱው ሥር አዲስ ግንድ ይሰጠዋል። አዲስ ችግኝ ይህን የሚያህል ሥር ለማበጀት ዓመታት ይፈጅበታል።

ጉንደላ የማይለውጠው አንድ ነገር አለ፤ የዛፉን ዘር። ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ያው የድሮው ዛፍ ነው። ጣዕሙ ጥሩ ከነበረ ጥሩ ሆኖ ይቀጥላል፤ በሽታ የማይችል ከነበረም ቀንበጡ በሽታ የማይችል ይሆናል። አረንጓዴ ፍሬ ላይ የሚታየው ጥቁረት እዚህ ላይ ነው ከጥያቄዎ ጋር የሚገናኘው።

ከገለጻዎ የሚመስለው የቡና ፍሬ በሽታ ነው። ለማረጋገጥ ፍሬውን በእጅዎ ይዘው ይመልከቱ። በአረንጓዴው ቆዳ ላይ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ፣ ነጠብጣቡም ሰፍቶ ፍሬውን ሙሉ በሙሉ አጥቁሮ የሚያረግፈው ወይም ቅርንጫፉ ላይ እንደደረቀ የሚያስቀረው ከሆነ እሱ ነው። ከቀላ በኋላ የሚጠቁር ፍሬ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ አይቁጠሩት። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ባለበት ከፍተኛ ቦታ ይብሳል። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ብዙ አምራች ምርቱን አጥቷል። በስማቸው መጀመሪያ 74 ቁጥር ያለባቸው እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች በሽታውን ከተቋቋሙ የአገራችን የቡና ዛፎች የተመረጡ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1974።

በዚህ ሳምንት ማሳውን ረድፍ በረድፍ ይዙሩ። ከእያንዳንዱ እግር ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አንድ አንድ ቅርንጫፍ ይያዙና ጠቅላላውን ፍሬና የጠቆረውን ይቁጠሩ። ከሲሶው በላይ ከጠቆረ ግንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት። አጠገቡ ያለው ዛፍ በዚያው ዝናብ፣ በዚያው ጥላ ሥር ሆኖ ንጹሕ ከሆነ በሽታን የመቋቋም ተፈጥሮ ሊኖረው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን በነጭ ጨርቅ ያመልክቱት። እባክዎ ነጭ የታሰረበትን በምንም ምክንያት አይንቀሉት። የከፋ ማሳዎች ውስጥ ያለው የቡና ዓይነት ብዛት ሌላ ቦታ የማይገኝ ሀብት ነው፤ አንድ ዛፍ ከተነቀለ ያ ዓይነት ጠፍቶ ሊቀር ይችላል።

በዚያው ዙር ሌላም ነገር ይፈልጉ፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ቅጠሉ የጠወለገና የደረቀ ዛፍ። እንዲህ ያለውን ካገኙ ከመሬት ከፍ ብሎ ያለውን ቅርፊት በቢላ ፋቅ ያድርጉት። ከሥሩ ያለው እንጨት ነጭ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር መስመር ካለው የቡና አጠውልግ በሽታ ነው። ይህ ጥር አይጠበቅለትም። ቆፍረው ከነሥሩ ያውጡትና እዚያው በቆመበት ቦታ ያቃጥሉት። በማሳው መሃል እየጎተቱ ማውጣት፣ ለማገዶ ብሎ ቤት መውሰድ፣ ለጎረቤት መስጠት በሽታውን መዝራት ነው። ጉድጓዱ ላይ ቢያንስ ለ2 ዓመት ቡና አይትከሉ። ፋቅ ያደረጉበትን ቢላም እሳት ሳያስነኩ ወደ ሌላ ዛፍ አይውሰዱ።

የጎረቤትዎን ቡና ያደረቀው ጉንደላው ሳይሆን ወቅቱ ይመስለኛል። በሐምሌ የተቆረጠ ጉቶ ቁስሉ ሳይደርቅ ለወራት ዝናብ ይወርድበታል፤ ይበሰብሳል። በገጀራ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ወደ ሥር ይወርዳል። በዚያ ላይ ገጀራው ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛው የተዘዋወረ ከሆነ የአጠውልግ በሽታን በየቁስሉ እያስገባ ሄዷል ማለት ነው። የደረቁትን ጉቶዎች ቅርፊታቸውን ፍቆ ማየት ነው፤ ጥቁር መስመር ካለ እርስዎም በድንበሩ በኩል መጠንቀቅ ይኖርብዎታል።

ለእርስዎ አካባቢ ትክክለኛው ወቅት ለቀማው እንዳለቀ፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ቁስሉ በበጋው ፀሐይ ይደርቃል፤ የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ሲመጣ ጉቶው ያቆጠቁጣል።

ሁሉንም በአንድ ዓመት እንዳይጎነድሉ። 800ውን በ4 ይክፈሉትና በየዓመቱ 200 እግር ይጎንድሉ፤ በጣም ያረጀውን ጥግ ያስቀድሙ። በየቦታው አንድ አንድ እግር እየመረጡ ሳይሆን በተያያዘ ረድፍ ይሁን። አለዚያ ያልተጎነደለው ጎረቤት ዛፍ ቀንበጡን ይሸፍነዋል፤ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል። ከገቢዎ ጋር አያይዘው እንዲያስቡበት ልንገርዎት፦ በመጀመሪያው ዓመት ጥር የተጎነደለው የመጀመሪያውን ደህና ምርት የሚሰጠው በ3ኛው ዓመት ለቀማ ነው። ስለዚህ በ1ኛው ዓመት 600 አሮጌ እግር፣ በ2ኛው 400 ይለቅማሉ። በ3ኛው 200 አሮጌና 200 አዲስ ይኖርዎታል። ከባዱ ጊዜ 2ኛውና 3ኛው ዓመት ነው፤ ለእነሱ አስቀድመው ይዘጋጁ።

ከጉንደላው በፊት የጥላ ዛፎቹን ያስተካክሉ፤ ኋላ ከሆነ የሚወድቀው ቅርንጫፍ ቀንበጡን ይሰብራል። ዋንዛ፣ ብርብራና ሳሳ ካለዎት ይተዋቸው፤ ለቡና የተመቹ ናቸው። በቀትር መሬቱን ሲያዩት ከሲሶው እስከ ግማሹ ጥላ፣ የቀረው የፀሐይ ብልጭታ ቢሆን ይበቃል።

ለመቁረጥ የሰላ የእጅ መጋዝ ይጠቀሙ። መጀመሪያ ግንዱን በወገብ ቁመት ቆርጠው ክብደቱን ያውርዱ። ይህን ሳያደርጉ ከታች ቢጀምሩ ዛፉ በራሱ ክብደት ተገንጥሎ ይወድቅና ቅርፊቱን እስከ ሥሩ ይልጠዋል። ከዚያ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ የመጨረሻውን ቆረጣ ያሳርፉ። ቆረጣው አግድም ሳይሆን ዘንበል ያለ፣ ውሃ የማያስቀምጥ ይሁን። ከ30 በታች ከወረዱ ቀንበጥ የሚወጣበት ቦታ ያንሳል፤ ጉቶውም ከአፈር እርጥበት ጋር ይነካካል። ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲሻገሩ የመጋዙን ጥርስ አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በተበረዘበት ይንከሩ፤ ሲጨርሱ በንጹሕ ውሃ አጥበው ዘይት ይቀቡት፤ በረኪና ብረት ይበላል።

አሮጌ ቡና ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ አለው። ዛፉ ደከም ያለ፣ ቅጠሉም የሳሳ ከሆነ ሁሉንም ግንድ አይቁረጡ። አንዱን ቅጠል ያለበትን ግንድ መተንፈሻ አድርገው ያቆዩለት፤ ቀንበጡ እስኪጠና ሥሩን ይመግባል። በሚቀጥለው ዓመት ጥር እሱንም ይቁረጡት። እውነቱን ለመናገር በ30 ዓመት ቡና ላይ ይህን ደረጃ መዝለል ብዙ ጉቶ ያስከፍላል። ቅጠሉ የሞላ ብርቱ ዛፍ ግን ሙሉ በሙሉ ቢጎነደልም ያቆጠቁጣል።

ቀንበጡ ሲወጣ በብዛት ነው፤ አንዳንዴ ከአንድ ጉቶ ከ10 በላይ። ብዙ ገበሬ እዚህ ላይ ይሳሳትና ሁሉንም ይተዋል፤ ከ3 ዓመት በኋላ ፍሬ የሌለው ቁጥቋጦ ይሆናል። ቁመታቸው አንድ ስንዝር ሲሆን ጠንካራዎቹን 5 ወይም 6 አስቀርተው ሌላውን በእጅ ይገንጥሉ። ሁለት ስንዝር ሲሞሉ ወደ 2 ወይም 3 ያውርዷቸው። የሚቀሩት በጉቶው ዙሪያ ተራርቀው የበቀሉና ከቆረጣው ጠርዝ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው የወጡ ይሁኑ። ጠርዙ ላይ የወጣ ቀንበጥ ሲያዩት ያማልላል፤ ነገር ግን ፍሬ ሲሸከም ከጉቶው ተገንጥሎ ይወድቃል። ከዚያ በኋላም ክረምቱን በሙሉ በየወሩ እየዞሩ አዲስ የሚወጣውን ይገንጥሉ።

በዚህ ጊዜ ዋነኛ ጠላቱ አረም ነው፤ ፀሐይ የገባበት ማሳ ወዲያው ሰርዶ ይለብሳል። ከጉቶው ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል አረሙን በእጅ ብቻ ይንቀሉ። ገጀራ ጉቶውን ያቆስላል፣ ቁስሉም የአጠውልግ በሽታ መግቢያ ነው። ጥልቅ ቁፋሮም አያስፈልግም፤ ቡና ምግቡን የሚስብበት ሥር አብዛኛው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ለአንድ ጉቶ ግማሽ ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት ከጉቶው 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ዙሪያውን በትነው በደረቅ ቅጠል ይሸፍኑት። የቡና ገለባ ካለዎት ከሌላ ቅጠላ ቅጠልና ከፍግ ጋር አብስለው ይጠቀሙበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ቅጠሉም ሆነ ኮምፖስቱ ጉቶውን አይንካ፤ ምስጥ ይጋብዛል።

በተከፈተው ረድፍ መሃል በመጀመሪያው ዓመት የማይሳብ ቦሎቄ መዝራት ይችላሉ፤ ከጉቶው አንድ ሜትር ይራቅ። በቆሎ ግን አይዝሩ፤ ቀንበጡን ጥላ ውስጥ ይከተዋል፣ ምግቡንም ይሻማዋል። ፍየል ወደ ማሳው እንዳይገባ ያጥሩ፤ የአንድ ቀን ግጦሽ የአንድ ዓመት ዕድገት ይወስዳል።

ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ዛፍ፣ እንዲሁም እስከ ሰኔ ድረስ ያላቆጠቆጠውን ጉቶ ይንቀሉ። ጉቶው ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ማድረግ ይበቃል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ካለ አልሞተም፣ አንድ ወር ይጠብቁት። በቦታው የሚተከለው ችግኝ በሽታ የሚቋቋም ይሁን፤ ለእርስዎ ከፍታ የሚስማማውን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ቀይ ለታሰረባቸው ጉድጓዱን በበጋ፣ ለሞተው ጉቶ እንደነቀሉ ይቆፍሩ፤ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛውን አፈር ለብቻ ያስቀምጡና ሲሞሉ መጀመሪያ እሱን ይመልሱ። ከ6 እስከ 8 ጥንድ ቅጠል ያለው ችግኝ ዝናቡ አስተማማኝ ሲሆን ይተከላል። ችግኙ ያለበት ፕላስቲክ መነሳት አለበት፤ ዋናው ሥር ከታች ተጠማዞ ከሆነ የተጠማዘዘውን ጫፍ ይቁረጡ፤ አለዚያ ከ3 እና 4 ዓመት በኋላ ያለ ምክንያት የቀጨጨ ዛፍ ይሆንብዎታል።

አዲሱ ቀንበጥ ማበብ ሲጀምር አንድ ነገር እንዳያስደነግጥዎት። የቡና አበባ ደህና ዝናብ ካገኘ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ይፈካል፤ በ2 ወይም 3 ቀን ይረግፋል፤ ይህ ጤነኛ ነው። ዝናቡ ጥቂት ሆኖ ተመልሶ ከደረቀና ሙቀቱ ከበረታ ግን ነጭ ሆኖ ሳይፈካ ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ኮከብ የመሰለ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ፍሬ አይይዝም። መድኃኒት የለውም፤ የሚረዳው ጥላውን አለማሳሳትና በበጋ የአፈሩን ቅጠል አለማንሳት ነው።