ለ“ፎቶሲንተሲስ” ቤት ለጠፋበት ወንድማችን

ትናንት ማታ “ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀን ግጥም ጻፍ ተብያለሁ፤ ‘ፎቶሲንተሲስ’ ለሚለው ቤት የሚመታ ቃል ጠቁሙኝ” ያልከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራበት ሂደት ስም ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም እዚሁ ቃል ላይ ተቸንክሬ ነበር። አንተም የባዮሎጂ መምህር ነህ መቼም። ርዕሰ መምህሩ “አንተ ብዕር አለህ” ብሎ ጣለብህ፣ ቀኑም አንድ ሳምንት ቀርቶታል። አይደል?

ስንኝ ምን እንደሆነ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ።

1. መዝገበ ቃላት አትግለጥ። እሱ ቃል የሚደረድረው በመነሻው ፊደል ነው፤ ቤት የሚመታው ደግሞ መጨረሻው። እኔ ሁለት ምሽት አቃጥዬበታለሁ። ይልቅ ፊደል ገበታ ፊትህ ዘርጋ። የቃሉ ጅራት “ሲስ” ነው። “ስ”ን ያዝና ከፊቷ ሣልሶቹን ተራ በተራ አስገባ። ሂስ፣ ሊስ፣ ሚስ እያልክ ውረድ። አብዛኛው ባዶ ነው። ግን ሂስ፣ ቢስ፣ ኪስ፣ ጢስ፣ አዲስ፣ ፖሊስ፣ ጊዮርጊስ ይወጡልሃል። “ቢስ” ብቻዋን ስንት ታመጣለች፤ ዋጋ ቢስ፣ መላ ቢስ፣ ተስፋ ቢስ። “ንፋስ” እና “ፈረስ”ም ቤት ይመታሉ፣ የመጨረሻው ፊደል አንድ ነውና። ግን ሳድስ ብቻዋን ቀጭን ናት። ጆሮ ከፊቷ ያለውንም ድምፅ ይፈልጋል።

2. ቀለሙን ቁጠር። ፎ፣ ቶ፣ ሲን፣ ተ፣ ሲስ፤ አምስት ቀለም ነው። በወል ቤት፣ ማለትም ስንኙ እኩል ለሁለት በሚከፈልበት ምት፣ የምትጽፍ ከሆነ ግማሹ ስንኝ ስድስት ቀለም ይፈልጋል። ፊቱ ላይ አንዲት “በ” ጨምርበት። “በፎቶሲንተሲስ” አሁን ልክ ስድስት ነው። ይህን ያገኘሁ ሌሊት ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። “ጎበዝ፣ በል ተኛ” አለችኝ። ያ ደስታ ነው ጉድ የሠራኝ።

3. ለቤት ብለህ ሳይንሱን አትሽጥ። እኔ ሸጥኩት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ኦክስጅኑን ስቦ በፎቶሲንተሲስ፣
ካርቦኑን ይሰጣል ለሰው ልጅ እስትንፋስ።

አንብበው እስቲ። ቀለሙ ሞልቷል፣ ቤቱ መትቷል፣ ድምፁ ይፈሳል። የሰው ልጅ ግን ታፍኖ ሞቷል! ተክል በፎቶሲንተሲስ የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የሚሰጠው ኦክስጅን ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር ገልብጬ ጻፍኩት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ስንኝ ሊጨርስብኝ ስለሆነ “ካርቦን” ብዬ ቆረጥኩት፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ቀለም ሲቆጥር ትርጉሙን ማየት አቆመ። ተክል ለራሱ ሲተነፍስ ኦክስጅን እንደሚጠቀም አውቃለሁ፤ በኋላ እሱን መከላከያ ላደርገው ሞክሬ ነበር። ግን “በፎቶሲንተሲስ” ብዬ በእጄ ጽፌዋለሁ፣ የት ልግባ?

በዚያ ላይ ማንም አላረመኝም። ግጥሙን በአካባቢው በዓል ላይ ለማንበብ ማህተም ያስፈልጋል ተብዬ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ተቀበለኝና የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት። ከዚያ አነሳው፣ ሁለት መስመር አየ። “ይሄ ግጥም ነው ወይስ የፈተና ጥያቄ? ግጥም ማለት ፍቅር ነው፣ አገር ነው” አለኝ። ሦስት ቀን አመላለሰኝ። ማህተሙን ያገኘሁት የሻዩ ክብ ዳር ላይ ነው። ስህተቱን ቢያይልኝ ኖሮ ዛሬ እመርቀው ነበር፤ እሱ ያየው ፍቅር አለመኖሩን ብቻ ነው።

ከዚያ ከኪሴ አውጥቼ 300 ቅጂ አሳተምኩ። መድረክ ላይ ቆሜ በኩራት አነበብኩ። ጭብጨባው ሳያልቅ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ እኛ ካርቦን ነው እንዴ የምንተነፍሰው?” አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህራኑ እስከ ሰኔ ድረስ ሙድ ያዙብኝ። ሻይ ሲያዙልኝ እንኳ “ለሱ ካርቦን አምጡለት” ይሉ ነበር።

ማታ ማታ 300 ቁራጭ ወረቀት በምላጭ እየቆረጥኩ የተሳሳተው ስንኝ ላይ በኮላ ለጠፍኩ። የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ? እርማቱ አዲስ ቤት መምቻ አላስፈለገውም። ሁለቱን ጋዞች ቦታ ማለዋወጥና “ስቦ”ን “ወስዶልን” ማድረግ ብቻ ነበር፦

ካርቦኑን ወስዶልን በፎቶሲንተሲስ፣
ኦክስጅን ይሰጣል ለሰው ልጅ እስትንፋስ።

ያው ቀለም፣ ያው ቤት። አሁን የቤተ ሙከራችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ልጆቹ ፈተና ሲደርስ ይህችን ነው የሚያነበንቡት። ጠያቂዋ ልጅም በቃሏ ትወጣዋለች።

አራተኛ ልል ነበር፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ብቻ ይሄን ስማ። ሲስ፣ ሲስ ማለት ከሰለቸህ የአማርኛውን ስም ውሰድ፤ ብርሃን አስተጻምሮ። እሱም ስድስት ቀለም ነው፣ ያለ “በ”! ጅራቱ “ምሮ” ስለሆነ ጀምሮ፣ ጨምሮ፣ ተምሮ፣ አምሮ ሁሉ ቤት ይመቱለታል። ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ ራሱ ግስ ይመስላል፣ “ብርሃንን አጣምሮ” እንደማለት። እኔ ይህችን ሠርቼበታለሁ፦

ቅጠሉ ሥራ ላይ ከጠዋት ጀምሮ፣
ስኳሩን ያበስላል ብርሃን አስተጻምሮ።

ስሙም ሥራውም አንድ ላይ ገባ። ሰም እና ወርቅ ነው ብል ጉራ እንዳይሆንብኝ እንጂ ነው።

ሌሎቹ ቃላት አያስፈሩህ። “ክሎሮፊል” ከ“ክፍል” ጋር ይሄዳል። “ሚቶኮንድሪያ” እና “ባክቴሪያ” ሲሳይ ናቸው፤ መኖሪያ፣ ማደሪያ፣ መሥሪያ፣ መጀመሪያ፣ ማብራሪያ፣ የፈለግከውን አምጣ። “ኢንዛይም” ግን ወጥመድ ነው። አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይመጣም፤ ሁሉም ቤት ስለሚመታለት ግጥምህ የእምቢታ ደብዳቤ ይመስላል።

ስትጨርስ ከማሳተምህ በፊት ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ አስነብባት። ከላይ ከዘረዘርኩልህ ውስጥ የፈለግከውን ውሰድ። “ኪስ”ን ብቻ ተውልኝ፤ ለዘንድሮው በዓል እኔ ይዤዋለሁ።