የኮሮና ጊዜው ድጋፍ ገንዘቡ ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ ለቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች

ሰላም ጎረቤቶቼ። ብዙ ዓመት በመንግሥት በጀት ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ በኮሮና ጊዜ መንግሥት ስለሰጠው ድጋፍና ስላስከተለው ጣጣ ጠይቁኝ ብያለሁ። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፤ በሽታው በመጋቢት 2012 ሲገባ የዋጋ ንረቱ ቀድሞውንም 20 በመቶ አካባቢ ነበር።

ባለ ሱቅ፦ ጋሼ፣ ያኔ ግብር ተሰረዘ ሲባል እኔ ምንም አላየሁም። ለማን ነው የተሰረዘው?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅህ። በሚያዝያ 2012 እስከ 2007 ድረስ የተጠራቀመ የታክስ ዕዳ ተሰረዘ። ከ2008 እስከ 2011 ላለው ደግሞ ወለድና ቅጣቱ ተነሣ። መሥራት አቅቶት የሠራተኛውን ደመወዝ ያላቋረጠ ድርጅት ከደመወዙ ላይ የሚቆርጠውን የአራት ወር የሥራ ግብር ለመንግሥት ሳያስገባ ለራሱ እንዲያስቀር ተፈቀደለት። እስቲ አስበው፤ አንተ በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ግብርህን እየከፈልክ ኖረሃል። ውዝፍ የለብህም። ደንበኛው ሲጠፋ፣ የዱቤ ደብተርህ በሰው ስም ሲሞላ፣ የሚሰረዝልህ ዕዳ አልነበረም። አስፋልት ዳር በቆሎ የምትጠብሰዋ እናትማ መዝገብ ላይም የለችም። በግብር በኩል የሚሄድ ድጋፍ መዝገብ ውስጥ የሌለውን አያገኘውም። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው የከተማ ሴፍቲኔቱ፣ ማለትም የከተማ ደሃን ሥራ እያሠራ የሚከፍለው ፕሮግራም ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ለሥራ ሳይወጡ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ ተሰጣቸው። ገንዘቡ ምግብ ለሚያጥረው ሰው ደረሰ።

አስተማሪ፦ ለባንኮች በነጻ የተሰጠው 15 ቢሊዮን ብርስ?

መልስ፦ በነጻ አይደለም፣ ብድር ነው። ያበደረውም ብሔራዊ ባንክ ነው እንጂ ከበጀት አልወጣም። ቀጥሉ።

የራይድ ሹፌር፦ አሜሪካ ለሕዝቧ ቼክ ላከች። እኛ ለምን አቃተን?

መልስ፦ 1,200 ዶላር ላኩ፤ ልክ ነህ። እነሱ የሚበደሩት በራሳቸው ገንዘብ ነው፤ አበዳሪውም ዓለም ሁሉ ነው። ያም ሆኖ በ2022 እ.ኤ.አ. የዋጋ ንረታቸው 9.1 በመቶ ደረሰ። ወጪውን ብቻ አትዩ፤ ገንዘቡ ከየት መጣ በሉ።

ወጣት፦ ኑሮ ለምን ተወደደ?

መልስ፦ የምኑ ዋጋ? በየትኛው ዓመት? እንዲህ በደፈናው አትጠይቁኝ።

ባለ ሱቅ፦ ጦርነቱ ነው እንጂ ኮሮና ምን አደረገ!

አስተማሪ፦ ነጋዴው ጤፍ ደብቆ አይደል እንዴ?

ባለ ሱቅ፦ አንቺ ደግሞ ሁሌ ነጋዴ ላይ ነሽ! መጋዘን ያለኝ መሰለሽ?

አስተማሪ፦ አንተን ማን አለህ? ባለ ወፍጮዎቹን ነው የምለው።

መልስ፦ በቃ፣ እዚህ ላይ ተዉት። ጦርነቱም ድርቁም የዶላር እጥረቱም አሉበት። ማንም ግን የማያነሣውን ልንገራችሁ። የበጀት ጉድለት የሚሸፈንበት መንገድ አለ። መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ (የአጭር ጊዜ ብድር የሚወስድበት ወረቀት) ሸጦ ከባንክና ከድርጅት ቢበደር፣ ያለ ገንዘብ ነው እጅ የሚቀያይረው። ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር ግን አዲስ ብር ወደ ገበያ ይገባል፤ ዕቃው አልጨመረም። ከኮሮና በኋላ ባሉት ዓመታት ከብሔራዊ ባንክ በዚህ መንገድ ብዙ ተበድሯል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ይህ በአዋጅ ያልወጣ ግብር ነው፤ በቆሎ ጠባሿም ትከፍለዋለች። አሁን አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ገደብ አበጅቶለታል። ገደቡ እንዳይላላ መከታተል የሁላችንም ፈንታ ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ በሉ!

ወጣት፦ 15 ቢሊዮኑ ለባንኮች በነጻ ነው የተሰጠው?

መልስ፦ መልሻለሁ። ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

እማማ፦ ልጄ፣ የውጭው ብድርስ ነገር?

መልስ፦ እማማ፣ በዚያው በሚያዝያ 2012 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 411 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ። በጥር 2013 ዕዳችን እንዲሸጋሸግልን ጠየቅን። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ የዩሮ ቦንዱን፣ ማለትም መንግሥት ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሸጠውን የዕዳ ሰነድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። ኮሮና ብቻውን አላመጣውም፤ ዕዳው ከዚያ በፊትም ከብዶን ነበር።

አስተማሪ፦ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ምን ይደረግ?

መልስ፦ የደሃው ስም ዝርዝር ዛሬ ይዘጋጅ፤ በሽታው ከገባ በኋላ አይደርስም። የግብር እፎይታ ሲሰጥ የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይታወጅ። ሲሰረዝም ውዝፍ ያለበት ብቻ ሳይሆን በወቅቱ የከፈለውም ቅናሽ ያግኝ።

ወጣት፦ ዶላር ነገ ስንት ይገባል?

መልስ፦ እሱን ባንክ ሄደህ ጠይቅ።