የሆስፒታል ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች ከየት ይጀመር? ለጠያቂዋ እህታችን

እህቴ፣ የሚሠሩበት ሆስፒታል ድረ ገጹን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲያደርጉ እንዳዘዘዎት፣ አንድ ሻጭም ገጹ ጥግ ላይ የምትለጠፍ፣ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያላት መሣሪያ በዓመታዊ ክፍያ እንዳቀረበልዎት ገልጸው፣ እርሷን መግዛት ይበቃ እንደሆነ፣ ካልበቃም ከየት መጀመር እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ እዚህ ጎንደር ድረ ገጽ በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የጤና ተቋም የሠራሁት ገጽ በዚሁ ጉዳይ አሳፍሮኝ ስለነበር፣ ከዚያ የተማርኩትን ልንገርዎት።

መሣሪያዋን አይግዙ። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ፊደል ማሳደጊያና ቀለም መቀየሪያ ከላይ ይደርባሉ እንጂ ከሥር ያለውን የተበላሸ ኮድ አያቃኑም፤ ፊደል ማሳደጉንም ቢሆን ስልኩ ራሱ ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አክሰሲቢ የተባለውን ኩባንያ፣ መሣሪያው ማንኛውንም ድረ ገጽ ከዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ጋር ያስማማል ብሎ በማስተዋወቁ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። በጀቱን ግን አይመልሱት፤ የሚውልበትን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ያሳፈረኝ ነገር እንዲህ ነው። ገጹ ተመርቆ ወራት ካለፉት በኋላ አንድ ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ ለሌላ ጉዳይ ፒያሳ ወዳለው ቢሮዬ መጣ፤ በጨዋታ መሐል አክስቱ ከደምቢያ ለዓይን ሕክምና ልትመጣ መሆኑን ሲነግረኝ፣ እኔም በሥራዬ ኮርቼ ስለነበር ቀጠሮውን ከገጹ ላይ እንዲይዝላት ጋበዝኩት። ስልኩን በቶክባክ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ በሚያነብ የስልክ ፕሮግራም፣ ከፍቶ በጣቱ እያንሸራተተ ማዳመጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ከሠላሳ በላይ መስመር ያለውን የላይኛውን ማውጫ አንድ በአንድ ሰማ፤ ሌላ ገጽ ሲከፍት ማውጫው እንደገና «ሀ» ብሎ ጀመረ። የዓይን ክፍሉ ማስታወቂያ ላይ ሲደርስ ስልኩ ምስል መሆኑን ብቻ ተናግሮ ረጅም የፋይል ቁጥር አነበነበ፤ ለካ የተለጠፈው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ነበር። የቀጠሮ ቅጹ ላይማ ስም የሌለው አዝራር መኖሩን ደጋግሞ ከመንገር በቀር ምንም አላለውም። ልጁ ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ «ጋሼ፣ ባጃጅ ይዤ ሄጄ ብጠይቅ ይቀለኛል» አለኝ።

ከሰማው ሁሉ የማውጫውና የአዝራሮቹ ችግር ቀላል ነበር፤ «ወደ ዋናው ይዘት እለፍ» የሚል ሊንክ ከገጹ አናት ላይ ማኖር፣ ርዕሶችን በኮዱ ውስጥ ርዕስ ማድረግና ለእያንዳንዱ አዝራር ስም መስጠት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከባዱ አማርኛው ራሱ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው በቀድሞው የአማርኛ መተየቢያ የተተየቡ ሰነዶች ዛሬም አሉ። ሰነዶቹ ለዓይን አማርኛ ይምሰሉ እንጂ ለኮምፒውተሩ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ስለሆኑ፣ ስክሪን ሪደሩም (እንደ ቶክባክ ያለው አንባቢ ፕሮግራም) የሚያነበው ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከሰነዱ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ፔስት ያድርጉት፤ አማርኛው እንዳለ ከወጣ ደህና ነው፣ ካልወጣ ሰነዱ በዩኒኮድ እንደገና ይተየብ። የማኅተም ደብዳቤውም ፎቶው ይለጠፍ ካሉ ይለጠፍ፣ ነገር ግን ሙሉ ቃሉ ከሥሩ ተጽፎ ይቀመጥ።

በተጨማሪም የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በኮዱ ውስጥ መገለጽ አለበት። ተገዝተው የሚመጡት ቴምፕሌቶች (ዝግጁ የገጽ ንድፎች) አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ተብለው ስለሚመጡና ማንም ስለማይነካቸው፣ ስክሪን ሪደሩ የእንግሊዝኛውን ድምፅ ይጠራና ፊደላችንን ሊዘለው ይችላል። ኢስፒክ የተባለው ነፃ የድምፅ ሶፍትዌር አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የቆርቆሮ ነው፣ የለመደው ሰው ግን በሚያስገርም ፍጥነት ይከታተለዋል። አንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ኤንቪዲኤ የሚባለው ነፃ ስክሪን ሪደር ኢስፒክን ይዞ ስለሚመጣ፣ ቢሮዎ ውስጥ ጭነው ገጽዎን ስክሪኑን አጥፍተው ያዳምጡት።

ጨርሶ ከማያየው ሰው ይልቅ አጥርቶ የማያየው ይበዛል፤ ትራኮማና የዓይን ሞራ በክልላችን ያደረሱትን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለያት ጭረቷ ከወገብ ወይም ከእግር ላይ መውጣቷ ብቻ ስለሆነ፣ ለላቲን ፊደል የሚበቃ መጠን ለእኛ አይበቃም፤ ፊደሉን አሳድጉት፣ መስመሩንም አራርቁት። ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ ለዲዛይነር ያምር ይሆናል፤ ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ግን በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል። ገጹን በሁለት ጣት ማስፋት የሚከለክል ትእዛዝ በኮዱ ውስጥ ካለ ይጥፋ።

ቅጹን በተመለከተ ብዙ ተጨቃጭቄበታለሁ። የቀን መምረጫው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነበር፣ የትውልድ ቀን የግድ ይላል፣ በጳጉሜን የተወለደ ሰው ደግሞ ቦታ የለውም። ዕድሜን ብቻ መጠየቅ ይበቃል፤ ቀጠሮውም «ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ በቃል ይጻፍ። ስህተት ሲኖር ሳጥኑን ቀይ ማድረግ ብቻ ለማያየውም ቀለም ለማይለየውም ምንም አይነግረውም፤ «የስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል» ተብሎ ይጻፍለት። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም በአንድ ጣት የሚሠሩ ሰዎች ቀስ ብለው ስለሚሞሉ፣ ቅጹ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ አይጀምርባቸው።

መስማት የተሳናቸውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለእነርሱ የተዘጋ በር ነው፤ ከስልኩ ቁጥር ጎን የሚመለስ የአጭር መልእክት ወይም የቴሌግራም አድራሻ ይኑር። ብዙዎቹ የሚያስቡት በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ስለሆነና አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ፣ የደብዳቤ አማርኛችን ያታክታቸዋል፤ ካርድ ስለማውጣት፣ ስለ ሪፈር ወረቀትና ስለ ድንገተኛ ክፍል በአስተርጓሚ የተቀረጹ ሦስት አጫጭር ቪዲዮዎች ብዙ ነገር ያቃልላሉ።

ጎንደር ዳገት የበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ ገጹ ላይ ባጃጁ የትኛው በር ላይ ቢያቆም እንደሚሻል፣ ራምፕ ያለው በየትኛው ሕንፃ እንደሆነ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ከማን እንደሚጠየቅ፣ አስታማሚ አብሮ መግባት ይችል እንደሆነ ይጻፍ። ይህ ምንም ኮድ አይጠይቅም፤ በግቢው ውስጥ አንድ ዙር መዞር ብቻ ነው።

ለአለቆችዎ ሰነድ ካስፈለገ፣ መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር የተደራሽነት መመሪያ እትም 2.2 ሲሆን፣ በተለምዶ የሚጠየቀው ሁለተኛው፣ ማለትም ድርብ ኤ ደረጃ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 መረጃና ኮሙኒኬሽንን ይጨምራል።

ያቆዩት በጀት ለፈታኞች ይዋል። አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ መስማት የተሳነው ሰው ከአስተርጓሚው ጋር፣ እጁ በሚገባ የማይታዘዝለት አንድ ሰው ጠርተው፣ የባጃጅና የቀን አበላቸውን ከፍለው፣ ቀጠሮ ያዙ ብለዋቸው ዝም ብለው ይመልከቱ። ማስታወቂያ የሚለጥፈውን ባልደረባዎንም አብረው ያስቀምጡት፤ የእኔው ሰው የማኅተም ደብዳቤ ፎቶ መለጠፍ የተወው ስንት ጊዜ ነግሬው አይደለም፣ ያ ተማሪ በሌላ ቀን መጥቶ ያን የፋይል ቁጥር እስከ መጨረሻው ሲያዳምጥ ከጎኑ ተቀምጦ አይቶ ነው።