ጋሼ፣ ለአሰልጣኙ እንዳትነግርብኝ

ይድረስ ለምትጫወቱም፣ ለመጫወት ለምትመኙም ልጆቼ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሜዳ ዳር ነው። ተጫዋቾች «ዶክተር» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ደጋፊው ደግሞ ከድሮም «ወጌሻ» ነው የሚለኝ፤ እኔም ይኼኛውን እወደዋለሁ። ቦርሳዬን ይዤ፣ ሆዴ እየቀደመኝ ወደ ሜዳ ስሮጥ «ኧረ ለወጌሻው ወጌሻ ጥሩለት!» እያሉ ሲስቁብኝ ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁና ልባቸው ይረፍ።

ምክር ስጥ ሲሉኝ ብዙ ጊዜ እሸሻለሁ። ዛሬ ግን አንድ የውድድር ዓመት ልንገራችሁ። የ2013ን።

ታስታውሱት ይሆናል። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰርዞ ነበር። ተጫዋቹ ወራት ሙሉ ቤቱ ቁጭ አለ። ፕሪሚየር ሊጉ ሲመለስ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። የሚመራው ክለቦቹ ባቋቋሙት አክሲዮን ማኅበር ነበር። ጨዋታው በዲኤስቲቪ ይታይ ጀመር። በሜዳህ ማስተናገድ፣ ከሜዳ ውጪ መጓዝ የሚባለው ቀረና ሁሉም ቡድን አንድ ከተማ ተሰብስቦ መጫወት ሆነ። አዲስ አበባ ጀመርን። ከዚያ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ መጨረሻ ሐዋሳ። በጦርነቱ ምክንያት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች አልነበሩም፤ የ2011 ሻምፒዮኑ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ። የተመለሱት በ2017 ነው። ከ16 ቡድን 13 ቀረን። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በየዙሩ አንድ ቡድን ያርፋል። ያቺን ዕረፍት እንደ ፋሲካ ነበር የምጠብቃት።

ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት፣ 24 ጨዋታ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ከተማ ስትገቡ ጨዋታው ይደራረባል። ያኛው ሳይለቃችሁ ይኼኛው ይደርሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የለመደ ሳንባ፣ ሚያዝያ ላይ ድሬዳዋ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወርዶ በዚያ ሙቀት ሩጥ ይባላል። ብሔራዊ ቡድን የተጠሩትማ ጭራሽ አላረፉም። መጋቢት ላይ ባሕር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፉት፣ ኢትዮጵያን ከ8 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱት እነዚያው ልጆች ናቸው።

ድሬዳዋ ላይ አንድ ማታ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ የክፍሌ በር ተንኳኳ። የመስመር ተጫዋቻችን ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ቁምጣ ለብሷል። በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ጋሼ፣ ለአሰልጣኙ እንዳትነግርብኝ።»

«ምኑን?»

መልስ አልሰጠኝም። አልጋዬ ላይ በሆዱ ተኛና በእጁ የታፋውን ኋላ አሳየኝ። በጣቴ ወደ ታች ስወርድ አንድ ቦታ ላይ ትራሱን ነከሰ። ቦታዋ የአውራ ጣት ጫፍ ታህላለች። ከዚያች የማትበልጥ ነገር የአንድን ልጅ ዓመት ትበላለች።

«መቼ ጀመረህ?»

«ባሕር ዳር።»

ከጀመረው ወዲህ አራት ጨዋታ ተጫውቷል። ልምምድ ላይ ከኋላ እየሮጠ፣ ሲያሟሙቅ ታፋውን በጎን እያሸ፣ ማስታገሻ ከጓደኛው እየተቀበለ። እኔ ደግሞ አላየሁትም። ይኼን ጥፋት ለራሴ መዝግቤዋለሁ።

ለምን እንደደበቀ አልጠየቅኩትም፤ አውቀዋለሁ። ውሉ ሰኔ ላይ ያልቃል። የተጎዳ ተጫዋች ስሙ በክረምቱ ዝውውር ላይ አይነሳም። ቦታውን የወሰደው ልጅ ሁለት ጥሩ ጨዋታ ካደረገ ደግሞ ያ ቦታ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ደሞዙን የሚጠብቅ ሰው አለ። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። «ጤና ይቀድማል» ብዬ ላልፈው አልችልም፤ የቤት ኪራዩን እኔ አልከፍልለትም።

ግን ሒሳቡን አብረን ሠራነው። የሆቴሉ ማስታወሻ ወረቀት ላይ። የታፋ የኋላ ጡንቻ ትንሽ ሲሰነጠቅ በሥርዓት ካረፈ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በላዩ ላይ ሮጠው ከቀደዱት ሁለት ወርም ሊወስድ ይችላል፤ አንዴ የተቀደደ ታፋ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ለመቀደድ የቀረበ ነው። አሁን ከተናገርክ ድሬዳዋን ታጣለህ፣ ሐዋሳ ትደርሳለህ። ከደበቅክ ሁለቱንም ታጣለህ፤ ክረምት ላይ የሚፈርምልህ ክለብ ሲመጣም እያነከስክ ታገኘዋለህ። ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። ጠዋት ለአሰልጣኙ አብረን ነገርነው። አሰልጣኙ ተቆጣ፣ እኔን ነው የተቆጣው። ይገባኛል።

ከልጁ ጋር እንዲህ የተጨቃጨቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ክለብ፣ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነበርን። አጥቂያችን ጉልበቱ አብጧል። አንድ ኃላፊ መልበሻ ክፍል ድረስ መጥቶ «ዛሬ ካልተጫወተ ነገ ሁላችንም ሥራ የለንም» አለ። ልጁም «እችላለሁ» አለ። ማደንዘዣ ተወጋ። ጉልበቱን በፋሻ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያውም አሳምሬ ነው ያሰርኩት። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳስ ለመመለስ ዞረ፣ ማንም አልነካውም። ታኬታው ሣሩን እንደያዘ ጉልበቱ ብቻውን ዞረ። ድምፁን ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኜ ሰማሁት። ጅማቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ኳስ አልተጫወተም።

ዛሬም ሰፈር ውስጥ እናገኛለን። ሲያየኝ ከመኪናው ወርዶ ትከሻዬን ይስመኛል። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ዓመት ወሬ ስታነሱ ሁልጊዜ አቡበከር ናስርን ታነሳላችሁ። ልክ ናችሁ። ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ያስመዘገበውን 25 የሰበረ። ዋንጫውን ደግሞ ፋሲል ከነማ በሥዩም ከበደ አሰልጣኝነት ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንደር አስገባው። እኔ ግን የሙያዬ ነገር ሆኖ ሌላ ነው የምቆጥረው። 24 ጨዋታ ባለው ውድድር 29 ለማግባት መጀመሪያ ሳምንት በሳምንት ለአሰላለፍ መድረስ አለባችሁ። ይኼው ልጅ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገብቶ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አራቀው። ያ ችሎታ የትም አልሄደም፤ እግሩ ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ ጎረምሳ ሁሉ ስለ ጎል አገባብ ሲጠይቀኝ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብዬ እመልሳለሁ። ይናደዳሉ።

እንቅልፍ ካነሳሁ አይቀር፣ ሆቴል አስቸጋሪ ቦታ ነው። ልምምድ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ የቀረው ቀን የእናንተ ነው። ስልክ፣ ፕሌይስቴሽን፣ ቤቲንግ፣ ከሰዓት ላይ ደግሞ «እስኪ አንድ እግር ብቻ» የሚል ጓደኛ። የምርቃና ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ታውቁታላችሁ። ጫት ሲቅም ያደረ ልጅ ጠዋት ገጹን ሳላየው ባቱን ስነካው አውቀዋለሁ። በዚህ ላይ አልሰብክም፣ አባቶቻችሁ ሰብከዋችኋል። ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ግን ሽንታችሁን እዩ፤ ጠቆር ካለ ውኃ ጎድሏችኋል። ከጨዋታ በኋላ ኦአርኤስ በጥብጡና ጠጡ። ከሚያብረቀርቀው የኃይል መጠጥ ይሻላል፣ ዋጋውም አይገናኝም።

ሌላው፣ ስትፈርሙ ደሞዙን ብቻ አትዩ። ብትጎዱ የሚያሳክማችሁ ማን ነው? ኤምአርአዩን ማን ይከፍላል? ሕክምና ላይ እያላችሁ ደሞዝ ይቀጥላል? ውሉ ላይ ከሌለ የለም። «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚል መሪ ካጋጠማችሁ «እሺ፣ እሱን ይጻፉልኝ» በሉት። የክለብ ደሞዝ ወራት ሲዘገይ ብዙ አይቻለሁ። በባዶ ኪስ የተጎዳ ልጅ ኤምአርአይ ቀርቶ ታክሲም ይቸግረዋል።

ያ የመስመር ተጫዋች የቀሩትን የድሬዳዋ ጨዋታዎች በሙሉ ተቀምጦ አሳለፈ። በበረዶ የተሞላ ፌስታል ታፋው ላይ አድርጎ ከተቀያሪዎቹ ኋላ ይቀመጥ ነበር። ቦታውን የወሰደው ልጅ አንድ ጎል ሲያገባ አጨበጨበ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያችን አስተያየት አልረሳትም። ሐዋሳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀይሮ ሲገባ 12 ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ኳስ ሦስት ጊዜ ነካ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ከመጀመሪያ ገባ። ክረምት ላይ ሌላ ክለብ ፈረመ፤ ገንዘቡ ካለመው ያነሰ ነበር፣ ግን ውሉ የሁለት ዓመት ነው።

እኔ ለየተጫዋቹ ደብተር አለኝ። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምኑን አመመው፣ ስንት ደቂቃ ተጫወተ። ባለፈው ዓመት ያ ልጅ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ የእኔ ደብተር አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ልወስደው?»

«እሱ የእኔ ነው» አልኩት። «አንተ ሱቅ ሂድና የራስህን ግዛ።»