«ደበቀች» ከማለታችሁ በፊት

በጎጃም ለምትሠሩ ወጣት ሐኪሞች፦

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኔም ይህን ለታካሚዎቼ ስናገር ነው የኖርኩት። ግን ደበቀ ከማለታችን በፊት ጠይቀነዋል ወይ?

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ስሠራ አንዲት ሴት በጨጓራ ሕመም ትመላለስ ነበር። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ሰጠኋት፤ የጨጓራ ባክቴሪያውንም አከምኩላት። ጨጓራዋ በኢንዶስኮፒ፣ በካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ታየ፤ ምንም የለም። «በርበሬ ቀንሺ» እያልኩ እሸኛታለሁ። አንድ ቀን ወረፋው ቀለል ሲል እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና «እህቴ፣ ልጅ ሆነሽ ኑሮ እንዴት ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች፣ ፈታች፣ መልሳ ቋጠረች። ከዚያ «በዘጠኝ ዓመቴ ነው የዳሩኝ» አለች። የቀረውን ቀስ እያለች ነገረችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሳክማት ይህን አላውቅም ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ሳንዲዬጎ፣ ዶክተር ፌሊቲ የሚባሉ ሐኪም ክብደት ለመቀነስ የሚመጡ ታካሚዎቻቸው ሕክምናውን ለምን እንደሚያቋርጡ ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው እንደነበር ሰሙ። ዶክተር አንዳ ከሚባሉ ተመራማሪ ጋር ሆነው ጥናቱን አሰፉት፤ በጠቅላላው ከ17,000 በላይ ሰዎች ተጠየቁ። የመጀመሪያው ውጤት በ1998 እ.ኤ.አ. ወጣ። የልጅነት መከራው በበዛ ቁጥር የልብ ሕመሙም፣ ድባቴውም፣ የመጠጥ ሱሱም ይበዛል።

ስትጠይቁ ግን አደራ። ባል ወይም አማት አብረው ከገቡ በትሕትና ውጭ ይቆዩ በሏቸው። ከተሞቻችን ትንንሽ ናቸው፤ እናንተ ዘንድ የተነገረው ካርድ ክፍል ድረስ እንዳይሰማ። ዝርዝሩን አትቆፍሩ፤ የነገረቻችሁ ይበቃል። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት፣ ቀጠሮ ስጧት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ካለ አገናኟት። «ጭንቀት ነው» ብላችሁም ሕመሟን እንዳትንቁባት። የሚያማት እውነት ነው፤ ምርመራውም መድኃኒቱም ይቀጥል።

«ስልሳ ሰው ተሰልፎ በየት ጊዜዬ?» ትሉኛላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ያቺን ሴት ለመስማት የፈጀብኝ ሃያ ደቂቃ ነው። አራት ዓመት ስትመላለስ የወሰደችብኝን ጊዜ ደምሩት።

ጨጓራዋ ዛሬም አልፎ አልፎ ይነሳባታል። ሌሊት ግን መተኛት ጀምራለች። በመጨረሻ ሳያት ሴት ልጇን አስከትላ ነበር። ዕድሜዋን ጠየቅኋት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል፤ ደብተሮቿን በፌስታል ይዛለች።