«ልጄ እግሯን በአባቷ ምላጭ ተላጭታ አገኘኋት»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከደሴ ነው፣ ከሰኞ ገበያ አካባቢ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ናት። በአባቷ ወጥታ ፀጉራም ነች። እግሯም ክንዷም ላይ አላት፤ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ደግሞ ጥላ የመሰለ ነገር አለ። ዘንድሮ ብብቷም ላይ ጀምሯታል። የክፍሏ ልጆች «ጢማሟ» እያሉ ያበሽቋታል። ባለፈው ሳምንት ካልሲዋን ስታወልቅ ቅልጥሟ ተቆርጦ አየሁ፤ ለካ የአባቷን ምላጭ ወስዳ ተላጭታ ኖሯል። እናቴ «ምላጭ ከነካት እንደ ወንድ ይጎፍርባታል» ብላ ስታዝን ሰነበተች። አባቷ «ገና ልጅ ናት፣ ሁለተኛ እንዳይደገም» አለ። ከጅዳ ተመልሳ ኮምቦልቻ የምትኖረው እህቴ ደግሞ «ላኪያትና ፀጉሩን በስኳርና በሎሚ በሚሠራው ሃላዋ ላንሳላት» ትለኛለች። ለመሆኑ ስንት ዓመት ሲሞላት ነው የሚፈቀደው?

መልስ፦ አብሽሩ። የቅልጥሟ ቁስል በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ከታጠበ፣ ካላበጠና መግል ካልያዘ በቀር ሌላ ነገር አይፈልግም።

ዕድሜውን ግን ቁጥር ጠርቼ ልነግርዎት አልችልም፤ ሕክምናው ለዚህ የቆረጠው ዓመት የለም። እናቶች ይህን ሲጠይቁኝ እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ፀጉሩ ያስጨነቀው ማንን ነው? አንዳንዴ ልጅቷ ወንበሩ ላይ እግሯን እያወዛወዘች በመስኮት ታያለች፤ የተጨነቁት እናት ብቻ ናቸው። ለእነሱ መልሴ አጭር ነው፦ ይተዉት። የእርስዎ ልጅ ግን ማንም ሳያዛት፣ በር ዘግታ፣ የሌላ ሰው ምላጭ አንስታለች። ጉዳዩ የራሷ መሆኑን ከዚህ በላይ በምን ትንገርዎት? ስለዚህ የሚቀረን እንዴት ታድርገው የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላጣራ። ሴት ልጅ ላይ የጉርምስና ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በ11 ዓመት ብብት ላይ ፀጉር መታየቱ ጊዜውን የጠበቀ ነው። 8 ዓመት ሳይሞላት የብብት ወይም የብልት ፀጉር የታየባት ልጅ ግን ሐኪም ማየት አለባት። የእግርና የክንድ ፀጉር እንደ አባቷ ከሆነ ውርስ ነው። የማያስተኛኝ ሌላው ዓይነት ነው፦ አገጭ፣ ደረት ወይም ከእምብርት በታች ጠቆር ጠንከር ብሎ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚወጣ፣ በተለይ ድምፅ መጎርነን ወይም ብርቱ ብጉር ከተከተለው። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ምላጩም ሃላዋውም ይቆይና ወደ ሕፃናት ሐኪም ይዘዋት ይሂዱ።

የምትቀባውንና የምትውጠውንም ይጠይቁ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ፀጉር ያበዛል። ፊት ያቀላል እየተባለ የሚሸጥ ቅባት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል የቆዳ መድኃኒት ይገኛል፤ ይህ መድኃኒት ፊት ላይ ሲከርም ቆዳውን ያሳሳል፣ ፀጉርም ያበቅላል። ሁለቱ ጉንጮቿ ላይ ፀጉር የወጣባት አንዲት ልጅ መጥታ፣ ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ነው የታላቅ እህቷን ቅባት ተደብቃ ስትቀባ እንደነበር የነገረችኝ።

አሁን ወደ እናትዎ ስጋት ልምጣ። የሚላጨው ፀጉር በድን ነው፤ ሕይወት ያለው ከቆዳ ሥር ያለው ሥሩ ነው፣ ምላጭ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ታዲያ ለምን ሲመለስ ይሻክራል? እናትዎ ማሽላ ሲታጨድ ያውቃሉ ብዬ ልገምት። አገዳው ቆሞ ሳለ ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ከታጨደ በኋላ መሬት ላይ የቀረው ቁራጭ ባዶ እግር ይወጋል። አገዳው አልወፈረም፤ ጫፉ ነው የተቆረጠው። ደግሞም በዚህ ዕድሜ ፀጉሩ በሆርሞን ምክንያት ተላጨም አልተላጨም መጥቆሩና መወፈሩ አይቀርም። ምላጩ የተወነጀለው በቦታው ስለተገኘ ነው።

የአባቷን ምላጭ የማልወደው በሌላ ምክንያት ነው። ምላጭ ላይ በዓይን የማይታይ ደም ይቀራል፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ደግሞ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። በሕፃንነቷ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠውን ክትባት ጨርሳ ከሆነ ከዚህ ቫይረስ ጥሩ መከላከያ አላት፤ ከኤችአይቪ ግን ክትባቱ አይከልላትም። እናትና ልጅም ቢሆኑ በአንድ ምላጭ አይላጩ።

ለእግሯ እኔ የምመርጠው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መከርከሚያ ነው፤ ቆዳ ድረስ ስለማይቆርጥ አያደማም። ካልተገኘ እጀታ ያለው የራሷ ምላጭ ይሁን። መጀመሪያ በለብታ ውሃና በሳሙና ታርሰው፤ ሳትጫን፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ትሂድ፤ አንዱን ቦታ አትደጋግመው። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት እርስዎ አጠገቧ ይቀመጡ። የደሴ ብርድ የተላጨ ቆዳ ስለሚያደርቅ በመጨረሻ ቫዝሊን ትቀባ። የእኛ ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ አንዳንዱ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይገባና እባጭ ይሠራል። በመርፌ አይነካኩት፤ ከቁስሉ ይልቅ ጥቁሩ ምልክት ነው ለወራት የሚቆየው። እባጩ ከበዛ መላጨቱ ይቁም፤ ካልተሻላት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ስላለ እዚያ ያሳዩአት።

የእህትዎን ሃላዋ አልነቅፍም፤ ስኳርና ሎሚ ነው፣ ከሥሩም ይነቅላል። ነገር ግን ያማል፤ ትኩሱ ደግሞ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ክፉ ያቃጥላል። እህትዎ፣ ልጅቷ አሞኛል ስትል የሚያቆም ሰው ከሆነች፣ መጀመሪያም በራሷ የእጅ አንጓ ላይ ሙቀቱን ከሞከረች፣ እግር ላይ ይሁን። ከንፈሯ ላይ ግን አሁን እንዳትሞክር። እዚያ ካስፈለገ በዚያው ትንሽ መከርከሚያ ቀስ ብሎ ማሳጠር ይበቃል። ፀጉር የሚያሟሽሽ ክሬም ከተገዛ ደግሞ በትንሽ ቦታ ተሞክሮ 24 ሰዓት ይጠበቅ፤ ለፊት የተሠራ ካልሆነ ፊት አይንካ። በጨረር ፀጉር የሚያነሣው ሌዘርስ? ሆርሞኗ ገና እየተለዋወጠ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

የብብት ፀጉር ሳይነሣ ከ40 ቀን እንዳያልፍ በሃይማኖታቸው የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ፤ በሕክምና በኩል ማንሳቱ አይጎዳም፣ መተዉም አይጎዳም። ሽታን የሚያጠፋው በየቀኑ መታጠብና ልብስ መቀየር ነው። የብልቷን ፀጉር ግን በዚህ ዕድሜ አትንካው፤ እዚያ ያለው ፀጉር ቆዳውን ይጠብቃል።

ስለ «ጢማሟ» የክፍሏን ኃላፊ መምህር ያነጋግሩ፤ ስድቡን ማስቆም የምላጭ ሥራ አይደለም። አባቷንም ያግባቡልኝ። «እንዳይደገም» ከተባለ መደገሙ አይቀርም፣ በሩ ብቻ ጠብቆ ይዘጋል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን እርስዎ ያልጻፉልኝ ነው። ብብት ላይ ፀጉር ከጀመረ የወር አበባ ብዙም ላይርቅ ይችላል። ምን እንደሆነ ነግረዋታል? እግሯን ደብቃ የተላጨች ልጅ ያንንም ቀን ደም አይታ ብቻዋን ልትደነግጥ ትችላለች። መከርከሚያውን ሊገዙ ሲወጡ ሞዴስም ጨምሩና፣ ማታ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ አጠቃቀሙን ያሳዩአት።